ፊልሞቻችን የማያሳዩት ፍቅር

ከሲኒማ ቤት የሚወጣን ሰው «ፊልሙ እንዴት ነበር?» ብለው ቢጠይቁት፣ ብዙ ጊዜ የሚያገኙት መልስ «አስለቀሰኝ» ወይም «በሳቅ ገደለኝ» የሚል ነው። ከሁለቱ አንዱን ያላደረገ ፊልም የትኬት ገንዘብ እንዳስባከነ ይቆጠራል። አስለቃሹ ፊልም የሚያስለቅስባቸው መሣሪያዎች ደግሞ የታወቁ ናቸው፤ ሞት፣ ክህደት፣ ያልታወቀ አባት፣ የማይድን በሽታ፣ በሠርግ ዋዜማ የሚፈነዳ ምሥጢር። ከእነዚህ አንዱም ከሌለበት «ታሪክ የለውም» ይባላል።

ለመሆኑ ከሰው ዕድሜ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የሚደርስበት ስንት ቀን ነው? አብዛኛው ሰው አብዛኛውን ዘመኑን የሚያሳልፈው በሌላ ዓይነት ስሜት ውስጥ ነው። ቅር ይለዋል፤ ያፍራል፤ ይችላል፤ ይናፍቃል፤ በይሉኝታ ይታሰራል። ጠብ ሳይነሣ ያኮርፋል፤ ዕርቅ ሳይጠራ ደግሞ አንድ ስኒ ቡና አቀብሎ ኩርፊያውን ይጨርሳል። ትዳር የሚቆመውም የሚፈርሰውም፣ ጎረቤት የሚሰነብተውም የሚለያየውም በእነዚህ ጥቃቅን ነገሮች ነው። የእኛ ፊልሞች ይህን የየዕለት ኑሮ የት አደረጉት? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይኸው ነው።

ሙዙ ሲወጣ፣ ፊልሙ ሲወርድ

ጥያቄውን ከአዲስ አበባ ራቅ ብሎ ማንሣት ይጠቅማል። ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለችውን ላንቴን እንውሰድ። በስተምዕራብ የጋሞ ደጋ ተነሥቷል፤ በስተምሥራቅ የአባያ ሐይቅ ተኝቷል፤ መሐሉን ሙዝ ሞልቶታል። ሙዙ በጭነት መኪና ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይወጣል። ፊልሙ ደግሞ በዚያው መንገድ ይወርዳል፤ ቀድሞ በቪዲዮ ካሴት፣ ኋላ በሲዲ፣ ዛሬ በእጅ ስልክ ውስጥ ገብቶ። እንደ ላንቴ ባሉ የመንገድ ዳር ቀበሌዎች የሚያድግ ወጣት ስለ ፍቅር አነጋገር፣ ስለ መለያየት፣ ስለ ይቅርታ አጠያየቅ ከሚማርባቸው ትምህርት ቤቶች አንዱ ይኸው ከአዲስ አበባ የወረደው ፊልም ነው። የሕንዱንም ፊልም ጨምሩበት።

ፊልሙ ምን ያሳየዋል? ሰፊ ሳሎን፣ የቆዳ ሶፋ፣ መኪና፣ ካፌ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠው ስሜታቸውን በረጅሙ የሚተነትኑ ሁለት ወጣቶች። «እወድሻለሁ» ይላል አንዱ፤ «እኔም እንደምወድህ ታውቃለህ፤ ግን...» ትላለች ሌላዋ። ከዚያ ሙዚቃው ይገባል።

እርሱ በሚያውቀው ዓለም ግን ፍቅር እንዲህ ብዙ አይናገርም። አመሻሽቶ ከእርሻው ለሚመለስ ባል ምግቡ ተከድኖ ይቆየዋል፤ ለምን እንዳመሸ አይጠየቅም። የከዳኑ አቀማመጥ ግን ጥያቄውንም መልሱንም ይዟል። ከደጋ የወረደ ዘመድ ባዶ እጁን አይመጣም፤ ሲመለስም ባዶ እጁን አይሸኝም። ያኮረፈች ጎረቤት ለቡና ካልተጠራች ኩርፊያው ጠብ ሆነ ማለት ነው፤ ከተጠራች ግን ማንም ምንም ሳይናገር ነገሩ ያልቃል። እዚህ ሁሉ ውስጥ ፍቅር አለ፤ ቂምም አለ፤ ቅናትም አለ። ካሜራ ቢቆምበት የሚቀረጽ ነገር ነው። ዳሩ ግን ካሜራው የቆመው ሌላ ቦታ ነው።

ካሜራው ወደ አርባ ምንጭ የሚመጣበት ጊዜ የለም ማለት አይደለም። ይመጣል። ነገር ግን የሚፈልገው ሐይቆቹን፣ ደኑን፣ «የእግዜር ድልድይ» ተብሎ የሚታወቀውን ተራራና ጀንበር መጥለቂያውን ነው። አፍቃሪዎቹ ከአዲስ አበባ ይመጣሉ፤ ዳሩ ላይ ይተቃቀፋሉ፤ ይመለሳሉ። የአካባቢው ሰው ከጀርባቸው በጀልባ ያልፋል እንጂ ታሪክ አይኖረውም።

የሚጮኸው ስሜት ከየት መጣ?

ነገሩን በፊልም ሠሪዎች ስንፍና ብቻ ማሳበብ ፍትሐዊ አይሆንም። የመጀመሪያው ሙሉ ርዝመት ያለው የአገራችን ፊልም ተብሎ የሚቆጠረው የ1957 ዓ.ም. ሥራ ርዕሱ «ሂሩት አባቷ ማነው?» የሚል ነበር። የአባት ማንነት ጥያቄ ገና ከበሩ ላይ ተቀብሎናል ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲህም አልለቀቀንም።

ሁለተኛው ምክንያት ከወዴት እንደመጣን ነው። አብዛኞቹ አንጋፋ ተዋንያኖቻችን ከቴአትር መድረክ የተገኙ ናቸው። በመድረክ ላይ ከኋላ ረድፍ ለተቀመጠ ተመልካች ስሜትን ማድረስ የሚቻለው ድምፅን ከፍ በማድረግና እጅን በመወርወር ነው። የሬዲዮ ድራማም የራሱን አስተዋጽኦ አድርጓል፤ በሬዲዮ ያልተነገረ ነገር የለም ማለት ነውና፣ ገጸ ባሕሪው ማዘኑን በአፉ መናገር አለበት። ይህ በመድረክና በሬዲዮ ጥበብ ነው። ካሜራ ግን የዓይን ሽፋሽፍት መርገብገብን ከአንድ ስንዝር ርቀት የሚያይ መሣሪያ ነው። በካሜራ ፊት የሚጮህ ተዋናይ ከአጠገብህ ለተቀመጠ ወዳጅ በድምፅ ማጉያ እንደመናገር ያለ ነገር ይሠራል።

ሦስተኛው የኪስ ጉዳይ ነው። በ1990ዎቹ የቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን»ን የመሳሰሉ ሥራዎች በቪዲዮ ተቀርጸው በሲኒማ ቤት ተመልካች ማግኘት እንደሚቻል ካሳዩ በኋላ፣ የአማርኛ ፊልም ኢንዱስትሪ የሚባል ነገር ተፈጠረ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ያለ መንግሥት ድጎማ፣ በትኬት ሽያጭ ብቻ የቆመ ኪነ ጥበብ አገራችን ብዙ አላየችም። ነገር ግን በትንሽ ገንዘብና በጥቂት ቀን የሚቀረጽ ፊልም የተዋሰው ሳሎን ውስጥ ይቀመጥና ይናገራል፤ ንግግር ርካሽ ነውና። ዝምታ ውድ ነው። ዝምታን ለመቅረጽ ብርሃን፣ ጊዜ፣ ልምምድና የሚታመን ተዋናይ ያስፈልጋል።

ቢሆንም ሲፈለግ ተችሏል

እንደማይቻል ግን ማንም ሊነግረን አይችልም። ተችሎ አይተናልና።

ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1976 ለዕይታ ያበቃው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በጥቁርና ነጭ የተሠራ፣ ሙያተኛ ባልሆኑ ሰዎች የተተወነ ፊልም ነው። ዋና ጉዳዩ የባላባትና የጭሰኛ ግንኙነት ነው። ነገር ግን ከፖለቲካው ይበልጥ ከአእምሮ የማይጠፋው የአንድ ጭሰኛ ቤተሰብ አዋዋል ነው፤ በሬ ሲጠመድ፣ ሴት አያት፣ እናትና ልጆች በአንድ ሥራ ዙሪያ ያለ ቃል ሲግባቡ። ልጅቱ የባላባቱን ላም ለማዳን ስትል ጎርፍ ሲወስዳት የሚሰማን ሐዘን ከየት መጣ? ከዚያ በፊት ብዙ ደቂቃ አብረናት ከብት ስለጠበቅን ነው። ሞቱ የሚያስለቅሰው ኑሮውን ስላየነው ነው። ይህን ሕግ ብዙዎቹ ፊልሞቻችን ይገለብጡታል፤ ያላወቅነውን ሰው ገድለው አልቅሱ ይሉናል።

እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ ልዩ የዳኞች ሽልማት፣ በማግስቱ ዓመት ደግሞ በዋጋዱጉው ፌስፓኮ ታላቁን ሽልማት ያገኘው «ጤዛ» ስለ አብዮትና ስለ ምሁራን የተሠራ ፊልም ነው ይባላል። እውነት ነው። ዳሩ ግን ፊልሙን ተሸክማ የቆመችው የአንበርብር እናት ናት። ልጇ ከውጭ አገር አንድ እግሩን አጥቶ፣ ሌሊት በቅዠት የሚጮህ ሰው ሆኖ ተመልሷል። እናት ስለ ርዕዮተ ዓለም የምታውቀው የለም፤ የምታውቀው ልጇ እንዳልበላ፣ እንዳልተኛ ነው። ጸበል ታስባለች፤ በሰው ፊት ታፍርለታለች፤ ከሰው ፊት ትደብቀዋለች። ያቺው እናት የመንደሩ ሰው ያገለላትን አዛኑን ቤቷ አስጠግታለች። አንበርብርን ከቅዠቱ የሚመልሰው ንግግር አይደለም፤ እነዚህ ሁለት ሴቶች ዙሪያውን ሆነው የሚኖሩት ተራ ኑሮ ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በካን ፌስቲቫል ይፋ ምርጫ ውስጥ በመግባት የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም። ኤፍሬም የሚባል ልጅ እናቱን በድርቅ ዘመን አጥቷል፤ አባቱ ከዘመድ ቤት አስቀምጦት ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ሄዷል። የቀረችው ጓደኛ ቹኒ የምትባል በግ ናት፤ አጎቱ ደግሞ ለበዓል ሊያርዳት ያስባል። ታሪኩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገራል። ክብደቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ልጁ ወጥ መሥራት ይወዳል። ከእናቱ የተረፈው ቅርስ እጁ ላይ ያለው የምግብ ሙያ ነው። አጎቱ «ይህ የሴት ሥራ ነው» ብሎ ሲቆጣው፣ የሚነጥቀው ማንኪያውን ብቻ አይደለም፤ እናቱንም ነው። ፊልሙ ይህን በንግግር አያብራራልንም። ልጁ ሳምቡሳ ሲጠቀልል እናያለን፤ ይበቃናል።

በዓልና በግ፣ የሄደ አባት፣ ዘመድ ቤት የቀረ ልጅ፤ ይህ ታሪክ በጋሞ ደጋና ቆላ ለሚኖር ሰው ማስተርጎሚያ አያሻውም። ከዶርዜና ከአካባቢው ወጥተው አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ በሽመና የሚተዳደሩትን አስቡ። ዓመቱን ሙሉ ጉድጓዱ ላይ ተቀምጠው መወርወሪያ ሲያመላልሱ ይከርሙና፣ መስቀል ሲደርስ አገራቸው ይገባሉ። የዮ ማስቃላ በዓል ለጋሞ ሰው የዓመቱ መባቻ፣ የዕርቅና የመሰባሰቢያ ቀን ነው። አንድ አባት ዓመት ሙሉ ያላየውን ልጁን በዚያ ምሽት ሲያገኘው መጀመሪያ ምን ይላል? ልጁስ አባቱን ለማቀፍ ይደፍራል? ወይስ ያመጣለትን ልብስ ብቻ ተቀብሎ ከእናቱ ቀሚስ ኋላ ይቆማል? በዚህ አንድ ምሽት ውስጥ አንድ ፊልም አለ። ማንም አልሞተም፤ ማንም አልከዳም።

የሌላው ዓለም ታላላቅ ሠሪዎች ከዚህ ያለፈ ነገር አልፈለጉም። የጃፓኑ ያሱጂሮ ኦዙ እ.ኤ.አ. በ1953 የሠራው «የቶኪዮ ታሪክ» ሁለት አዛውንት ከክፍለ አገር ተነሥተው ቶኪዮ ያሉ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ መሄዳቸውን ብቻ ያሳያል። ልጆቹ ክፉዎች አይደሉም፤ ሥራ በዝቶባቸዋል። ለአዛውንቱ ጊዜ የምትሰጠው የሞተው ልጃቸው ሚስት ናት። ማንም ማንንም አይሰድብም፤ ተመልካቹ ግን እናትና አባቱን እያሰበ ይወጣል። የሕንዱ ሳትያጂት ሬይም እ.ኤ.አ. በ1955 በሠራው «ፓተር ፓንቻሊ» የአንዲት ልጅን ሞት ያሳየናል፤ ሕመማችን ግን ጣራ የሚነካው ሞቱን ያልሰማው አባት ከመንገድ ሲመለስ ለእርሷ የገዛውን ልብስ አውጥቶ ሲያሳይ ነው። እናቲቱ ስታለቅስ ሬይ የለቅሶዋን ድምፅ አጥፍቶ በሙዚቃ መሣሪያ ድምፅ ተካው። ጩኸቱን ቀነሰ፤ ሐዘኑ ጨመረ።

ሣሩና ካሜራው

በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና አካባቢዋ በደረሰው ጥቃት ብዙ የጋሞ ተወላጆች ተገደሉ፤ ብዙዎችም ተፈናቀሉ። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቱ በቁጣ አደባባይ ወጣ፤ ቁጣውንም በከተማዋ በሚኖሩ ሌሎች ሰዎችና በንብረታቸው ላይ ሊወጣ ተነሣ። በዚያን ጊዜ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው በወጣቶቹ ፊት ተንበረከኩ። አባት የሚሆን ሰው እርጥብ ሣር ይዞ ከተንበረከከ እርሱን አልፎ መሄድ በጋሞ ባህል ነውር ነው። ወጣቶቹ ቆሙ፤ ተመለሱ።

የዚያን ቀን ምስል በመላው አገሪቱ ታየ። ድርሰት አልነበረውም፤ አዘጋጅም አልነበረውም። ሆኖም ባለፉት ዓመታት በስክሪን ካየናቸው ትዕይንቶች ሁሉ የሰውን ስሜት በጥልቀት ያሳየው እርሱ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። ለምን? ሁሉም ነገር በድርጊት ስለተነገረ ነው። ታላቅ በታናሽ ፊት ይንበረከካል፤ ታናሹ ያፍራል፤ እፍረቱ ቁጣውን ያሸንፋል። ቁጣ ወደ እፍረት፣ እፍረት ወደ ዕርቅ ሲለወጥ በአንድ ፊት ላይ ይታያል። የፊልም ትምህርት ቤት ለተማሪዎቹ ሊያሳየው የሚገባ ነገር ነው።

ታዲያ የእኛ ሲኒማ ለዚህ ጉዳይ ባዕድ አልነበረም። ሚሼል ፓፓታኪስ በ1960ዎቹ የሠራው «ጉማ» ሳያስብ ጓደኛውን የገደለ ወጣት በሰንሰለት ታስሮ የደም ካሣ ሲለምን ያሳየናል። ዛሬ በዚያ ፊልም ስም ሽልማት ይሰጣል። ያ ፊልም ያነሣው ነገር ግን ወራሽ ያገኘ አይመስልም። በዛሬው ፊልሞቻችን ዕርቅ ማለት በመጨረሻው ትዕይንት ሁሉም ተቃቅፈው ማልቀስ ነው። ዕርቅ ሥርዓት እንዳለው፣ ጊዜ እንደሚፈጅ፣ የታረቀ ሰው በማግስቱ ገበያ ላይ ከባለ ደሙ ጋር ሲገናኝ ዓይኑን የት እንደሚያሳርፍ የሚያሳየን የለም።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሽማግሌ ዳኝነትን እንደ ማር ብቻ የሚስል ፊልም ቢመጣ እርሱም ይዋሻል። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» እ.ኤ.አ. በ2014 ለዕይታ የበቃው ይህንኑ ሊነግረን ነው። ለጋብቻ የተጠለፈችና ጠላፊዋን የገደለች የ14 ዓመት ልጅ ጉዳይ፣ በእውነተኛ ታሪክ ላይ ተመሥርቶ ይቀርባል። ሽማግሌዎች በዛፍ ጥላ ተቀምጠው ይመክራሉ፤ እርሷ ግን ከክቡ ውስጥ የለችም። ያው የዛፍ ጥላ፣ ያው ምርቃት፣ ያው ሰላም ፍለጋ፤ ሰላሙ የሚገዛው ግን በአንዲት ልጅ ዝምታ ነው።

የትኛው ነው እውነቱ? አርባ ምንጭ ያየነው ወይስ «ድፍረት» ያሳየን? ሁለቱም ናቸው። ሰውን ከመግደል የሚመልሰው እፍረት፣ የተበደለችን ልጅ አፍ የሚዘጋውም እፍረት ነው። ጋሞዎች «ጎሜ» የሚሉት፣ ነውር መፈጸም በሰውም በምድርም ላይ መዘዝ ያመጣል የሚለው እምነት፣ ማኅበረሰቡን አቅፎ ይይዛል፤ ማቀፍ ደግሞ አንዳንዴ ያፍናል። ጥሩ ፊልም ሁለቱን በአንድ ዱቡሻ ላይ አስቀምጦ ያሳየናል፤ የሚንበረከኩትን ሽማግሌም፣ ከክቡ ውጭ ቆማ የምትሰማውን ልጅም። ለዚህ ግን የየዕለቱን ስሜት ማወቅ ግድ ነው። ትልቁን ስሜት ብቻ የሚያውቅ ፊልም ሽማግሌውን መልአክ ወይም ሰይጣን ከማድረግ ሌላ ምርጫ የለውም።

የሳቁ ዋጋ

ስለ አስለቃሹ ይህን ካልን፣ ስለ አስቂኙም አንድ ነገር ማለት ተገቢ ነው። በብዙ ኮሜዲዎቻችን ውስጥ ከገጠር የመጣ ዘበኛ ወይም የቤት ሠራተኛ አለ። ሥራው በአማርኛው መኮላተፍ ነው። ቃል በተሳሳተ ቁጥር ሲኒማ ቤቱ በሳቅ ይናወጣል። ይህ ሳቅ አዲስ አበባ ላይ ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። ላንቴ ላይ ቁጭ ብሎ ያንኑ ፊልም የሚያይ፣ በቤቱ ጋሞኛ የሚናገር ወጣት ግን ምን ላይ እየሳቀ እንደሆነ ጠንቅቆ ያውቃል። በወንድሙ ላይ እየሳቀ ነው፤ ነገ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ሲገባ በሚናገረው አማርኛ ላይ እየሳቀ ነው። ሳቁን ሲጨርስ አፉን መዝጋት ይማራል።

ያ ዘበኛ ማታ ብቻውን ሲሆን ምን ያስባል? ደመወዙን ለማን ይልካል? ለእናቱ ስልክ ሲደውል በየትኛው ቋንቋ ያወራል? በራሱ ቋንቋ ሲናገርስ ድምፁ ይለወጣል? በራሱ ቋንቋ ኮልታፋ አይደለም፤ ምናልባትም ከቀበሌው ሁሉ የታወቀ ተረተኛ ነው። ይህን አንዲት ትዕይንት ያሳየን ኮሜዲ ቢኖር፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሳቅ ሌላ ሳቅ ይሆን ነበር። አብረነው የምንስቀው እንጂ የምንስቅበት አይሆንም።

ፊልም ሠሪዎቻችን የሚከራከሩት «ተመልካቹ የሚፈልገው ይህንን ነው» በማለት ነው። ተመልካቹ የሚፈልገው የቀረበለትን ነው። የሽማግሌዎቹን ምስል ያን ያህል ሰው ያየውና ለሌላው ያሳየው ማስታወቂያ ተሠርቶለት አልነበረም፤ ራሱን ስላገኘበት ነው። ሰው ራሱን ካገኘ ትዕግሥት አለው፤ ዝምታንም ያዳምጣል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ነገር ብዙ ወጪ የለውም። ደራሲዎቻችን ገጸ ባሕሪያቱ «አዝኛለሁ»፣ «አፍቅሬያለሁ»፣ «ተቀይሜያለሁ» የሚሉባቸውን መስመሮች ሁሉ አንድ ጊዜ ሰርዘው፣ በምትካቸው ሰውየው ምን እንደሚያደርግ ይጻፉ። አዘጋጆቻችን ካሜራውን ከሳሎኑ አውጥተው ሙዝ የሚጫንበት መኪና አጠገብ፣ የሸማኔው ጉድጓድ ዳር፣ የቡናው ረከቦት ፊት ለፊት ያቁሙት። አፍቃሪዎቹን ወደ አባያ ዳር ሲያመጡም አንድ ጊዜ ፊታቸውን ከሐይቁ ወደ መንገዱ ያዙሩት፤ እዚያ የቆመችው ሙዝ ሻጭ የምትጠብቀው ገዢ ብቻ ላይሆን ይችላልና።